አርባ ዘጠኝ ቋጠሮ

ክረምቱን ሙሉ ሰው እንዳይንሸራተት በየመንገዱ የሚበትኑት ጠጠር በረዶው ሲቀልጥ ይጋለጣል። ከዚያ አንድ ጠዋት ውሃ እየረጨ የሚጠርግ መኪና ይመጣና የኦስሎ ሰፈራችን ቶየን በሙሉ እርጥብ አቧራ ይሸታል። ሰዉ ያን ሽታ ይወደዋል፤ ብርዱ አለቀ ይላል። እኔ ግን አልወደውም። ባለፈው ሳምንትም አደባባዩን ላቋርጥ ስል መኪናው አጠገቤ አለፈ፤ ቆምኩና ኪሴን ዳበስኩ። ኪሴ ውስጥ ምንም አልነበረም። የምፈልገው ገመድ ያለው ቤቴ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ስለዚያ ገመድ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ነገሩ የሆነው በዘጠኝ ዓመቴ፣ በአንድ ዐቢይ ጾም ነው።

የምንኖረው እዚሁ ቶየን፣ ከኮሙኑ፣ ማለትም ከከተማው አስተዳደር፣ ቤቶች በአንዱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ እናቴና እኔ ብቻ። ከእኛ በታች ሁለተኛ ፎቅ ላይ የኔታ ይኖሩ ነበር። ሌላው ሰው መሪጌታ ይላቸዋል። እኔ ግን ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ስለሆኑ የኔታ ነው የምላቸው። ዘመድ አልነበራቸውም። ዕድሜያቸውንም በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም፤ የኖርዌይ ወረቀታቸው ላይ እንደ ብዙዎቹ ስደተኞች የፈረንጆች አዲስ ዓመት ቀን ተወለዱ ተብሎ ተጽፏል። በዚህ ይስቁ ነበር። የሌላውን ሁሉ ቀን ሲያወጡ ኖረው የራሳቸውን ቀን የቢሮ ጸሐፊ አወጣላቸው።

ቀን ማውጣት ሞያቸው ነበር። ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል የሚታወቅበትን የቤተ ክህነት ሒሳብ፣ ባሕረ ሐሳብን፣ በጣታቸው አንጓ ያሰሉት ነበር። በየዓመቱ መስከረም አንድ ከቅዳሴ በኋላ የዓመቱን በዓላት በተርታ የሚያውጁት እሳቸው ናቸው። የታተመ ካሌንደር ግድግዳቸው ላይ አይሰቅሉም። እንዲያውም አንድ ጊዜ የአንድ ካሌንደር ስህተት አግኝተው አዲስ አበባ ድረስ ለአታሚው ደብዳቤ ጽፈውለት ነበር። መልስ አልመጣም፤ የኔታ ግን አፍረው ነው ይሉ ነበር።

እናቴ ጠዋት ቢሮ ታጸዳለች፣ ከሰዓት በኋላና እሑድ ደግሞ ሆቴል። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው የኔታ ቤት ነው። ሾርባቸውን አሞቃለሁ፣ ከኮሙኑ የመጣ ደብዳቤ ካለ አነብላቸዋለሁ፣ ሲከፕላየሯ ስትመጣ አስተረጉማለሁ። ሲከፕላየሯ ሊቭ የምትባል፣ ጫማዋን በር ላይ ማውለቅ የማትረሳ ደግ ነርስ ነበረች። የሳምንቱን መድኃኒት በየቀኑ በተከፋፈለ የፕላስቲክ ሳጥን ደርድራላቸው ትሄዳለች። ችግሩ መድኃኒቱ ጠዋት ከምግብ ጋር የሚዋጥ መሆኑ ነው፤ የኔታ ደግሞ በጾም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃም አይቀምሱ።

«ልባቸው ደካማ ነው፤ ጠዋት መብላት አለባቸው በያቸው» ትለኛለች።

እነግራቸዋለሁ። የኔታ ራሳቸውን በአክብሮት ነቅነቅ አድርገው፣ «እግዜር ይስጥልን በያት። መድኃኒቷም ትቆየኝ፣ እኔም እቆያታለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንገናኛለን በያት» ይላሉ።

እኔ ወደ ሊቭ ዞሬ በእነሱ ቋንቋ «ያ»፣ አዎ፣ እላለሁ። ረጅሙን ንግግር በአንዲት ቃል ስጨርሰው ሊቭ በጥርጣሬ ታየኝ ነበር።

ጾሙ ሊገባ ሲል የኔታ ከአሮጌ ነጠላ ክር መዘው ገመድ ገመዱ። ገመዱ ላይ አርባ ዘጠኝ ቋጠሮ ቋጠሩ። ከመጀመሪያው የጾም ሰኞ ጀምሮ በየማታው አንድ ይፈታሉ፤ የመጨረሻው የሚፈታው በሆሳዕና ዕለት ነው።

«የኔታ፣ ቁጥሩ ጭንቅላትዎ ውስጥ ካለ ገመዱ ምን ያደርጋል?» አልኳቸው።

«ጭንቅላት ይታመማላ። ገመድ መቼ ይታመማል?»

«ከሆሳዕና በኋላ ያሉትን ቀኖችስ ለምን አይቋጥሯቸውም?»

«እኔ ንጉሡ እስኪገባ ነው የምቆጥረው። ከገባ በኋላ ያሉት ቀኖች የእሱ ናቸው።»

ንጉሥ ሲሉ እኔ የማውቀው አንድ ንጉሥ ብቻ ነበር። በግንቦት፣ በኖርዌይ ብሔራዊ በዓል፣ ባንዲራ እያውለበለብን ከክፍሌ ልጆች ጋር በቤተ መንግሥቱ ፊት አልፈናል። ንጉሡ በረንዳ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን እያነሡ እጃቸውን ያወዛውዙ ነበር። መምህራችን ንጉሡ ሕግ አያወጡም፣ የወጣውን ይፈርማሉ ብላናለች። ለየኔታ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«የእኛው ንጉሥ እንዲህ አይደለም» አሉ። «ገና ሳይወለድ ነው ወሬው የተነገረለት። ነቢያቱ አንዱ ሲሞት ሌላው እየተቀበለ፣ ከዳዊት ዘር ንጉሥ ይነሣል፣ ለድኃ ይፈርዳል፣ ለመንግሥቱም ማለቂያ የለውም እያሉ ስንት ዘመን ተስፋ አድርገውታል።»

እኔም የሚያስጨንቀኝን ጠየቅኩ። «እዚህ ሲመጣ ታዲያ ማን ነው ኦፕሆልድ የሚሰጠው?»

ኦፕሆልድ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። እናቴ በስልክ ስታወራ፣ ሰው ቤታችን ሲመጣ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲሰበሰቡ ወሬው ሁሉ ከዚያ አይወጣም። ስለዚህ ንጉሥም ቢሆን ሳይጠብቅ አይቀርም ብዬ ነው። የኔታ ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና ለረጅም ጊዜ አላባራም። ዓይናቸውን ጠርገው ሲያበቁ ግን ቁም ነገር ነበር የተናገሩት።

«ደግ ጠየቅሽ። እሱንም እኮ ጠይቀውታል። ንጉሥ ነኝ ትላለህ ወይ አሉት፤ ከዚያ ማን ፈቀደልህ ብለው ሰቀሉት።»

«ነቢያቱ ዋሹ ማለት ነው?»

«አልዋሹም። የጠበቁት ሰዎች ናቸው የተሳሳቱ። በፈረስና በሠራዊት ይመጣል ብለው ጠበቁ፤ እሱ በአህያ ውርንጭላ ገባ። የእኔ ቢጤ ድኃና ያንቺ ቢጤ ልጅ ነው ያወቀው። ልብሳቸውን አነጠፉለት፣ ዘንባባ ይዘው ሆሳዕና አሉት። ቅዳሜን አላየም፤ ዓርብ ሰቀሉት።»

«እሱ ምን አላቸው?»

«ዝም አለ። የማንን ጥፋት እንደተሸከመ እያወቀ ዝም አለ። የእኛ ንጉሥ የሚነግሠው እንዲያ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ንጉሡ ሰነፍ መስሎ ታየኝ። በረንዳ ላይ ቆመው ባርኔጣ የሚያነሡት ይሻላሉ ብዬ አሰብኩ፤ ቢያንስ የሚገፋቸው የለም። ይህን ግን ለየኔታ አልነገርኳቸውም።

በዚያው ሰሞን የመጻጉዕ እሑድ መጣ። መጻጉዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት ታሞ መጠመቂያው ዳር የተኛው ሰው ነው። ውሃው በታወከ ጊዜ ቀድሞ የገባው ይድናል፤ እሱ ግን ተንፏቆ ሊደርስ ሲል ሁልጊዜ ሌላው ቀድሞት ይገባል። የኔታ ሲተርኩልኝ እንባዬ መጣ፤ የቁጣ እንባ ነበር።

«ለምን አይገፋቸውም?»

«ሰው የለውም። ሰው የለኝም ብሎ ነው ለጌታችን የነገረው።»

«እርስዎስ ሰው አለዎት?»

የኔታ አዩኝ። «አንቺ አለሽኝ» አሉ። ያን ቃል ባይሉኝ ኖሮ ምናልባት ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማታ ትኩሳት ያዛቸው። ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሊቭ ስልክ ይዛ ታወራለች፤ የኔታ አልጋቸው ላይ ተንተርሰው ትንፋሻቸው ያፏጫል። አምቡላንሱ ሳይመጣ በፊት ገመዱን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት።

«እስክመለስ አንቺ ያዢው። በየቀኑ አንድ። ከአንድ አትብለጪ፣ ከአንድም አታንሺ። ሆሳዕናን ተኝቼ ያሳለፍኩበት ዓመት የለም። ንጉሥ ሲገባ ሎሌው ቆሞ ነው የሚቀበለው። ዘንድሮም ቆሜ ልቀበለው፤ ከዚያ ወዲያ የፈለገው ይምጣ።»

ሁለት ሳምንት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ነው የተመለሱት። እስከዚያ እኔ የቁጥር ሹም ነበርኩ። ማታ ማታ እጄን ታጥቤ አንድ ቋጠሮ እፈታለሁ። አንዳንዱ ጠብቆ ጥርስ ይፈልግ ነበር፤ ክሩ አሮጌ ጨርቅና የየኔታን የቅባት ሽታ ይሸታል። እናቴ ከሆስፒታል እየተመለሰች «ደህና ናቸው» ትላለች፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ትቀመጥና ቀና ብላ አታየኝም። ልጅ ብሆንም ደህና የተባለ ሰው እንዲያ እንደማያስቀምጥ ይገባኛል። ሊሞቱ ነው ብዬ ፈራሁ። የማውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነበር፤ ንጉሡ ሲገባ የኔታ እዚያ መገኘት አለባቸው።

የኔታ በሚመለሱበት ሳምንት፣ ሰኞ፣ መምህራችን ሰሌዳ ላይ የጨርቅ ሥዕል ለጠፈችልን። ሰውየው በአህያ፣ ሕዝቡ ቅርንጫፍ ይዞ። «በመጪው እሑድ ፓልመሶንዳግ ነው፤ ከዚያ ለፋሲካ ትምህርት ቤት ይዘጋል» አለች፤ ሆሳዕና ማለቷ ነው። እጄን አወጣሁ። «ናይ፣ አይደለም፣ ገና ነው፤ ሌላ ሰባት ቀን አለው» አልኩ። እሷ በደግነት ፈገግ ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ካሌንደር አሳየችኝ። በቀይ ታትሟል። በዚያ ዓመት የእነሱ ፋሲካ ከእኛ በአንድ ሳምንት እንደሚቀድም የነገረኝ አልነበረም፤ ቢነግሩኝስ አንድ ንጉሥ ሁለት ጊዜ እንዴት ይገባል?

ማክሰኞ ማታ እናቴ በስልክ ከቄሱ ጋር ስታወራ ሰማሁ። ጋምለ ኦስሎ ሰፈር ያለውን ቤተ ክርስቲያን የምንከራየው ከኖርዌጂያኖቹ ነው፤ እነሱ ጠዋት ይጸልያሉ፣ እኛ ከእነሱ በኋላ እንገባለን። «እሺ አባ፣ ቅዳሜ ይሁን እንግዲህ» አለች እናቴ። ስልኩን ዘግታ ወደኔ ዞረች። «በዚህ እሑድ ቤቱን ቀኑን ሙሉ ይፈልጉታል። የእኛ ቅዳሴ ወደ ቅዳሜ ተዛወረ።»

«ለምን?»

«በዓላቸው ነው። ቤቱ የእነሱ ነው፣ ምን ይደረግ።»

ሁሉም ነገር ተገጣጠመልኝ። ንጉሡ በመጪው እሑድ ይገባል፤ ባለቤቶቹ ለዚያ ቀን ያስወጡናል። እኛ በሳምንቱ ዘንባባችንን ይዘን ስንመጣ እሱ አልፎ ሄዷል። ውሃው ሲታወክ ሌላው ቀድሞ ይገባል። የኔታም ሰው አለኝ ብለዋል፤ ሰውየዋ ደግሞ እኔ ነኝ።

ረቡዕ የኔታ እንደሚመለሱ ስሰማ በሩን ዘግቼ የቀኑን ቋጠሮ ፈታሁ። ከዚያ ሰባት ጨመርኩ። ሰባተኛው አልፈታ ብሎኝ ጥፍሬ ደማ።

የኔታ ሲገቡ ግማሽ ሆነው ነበር። ጋቢያቸው ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። አልጋቸው ላይ ጋደም እንዳሉ እጃቸውን ዘረጉ፤ ገመዱን ሰጠኋቸው። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር በጣታቸው ነው የቆጠሩት። ቆጠሩና ቆሙ። ደግመው ቆጠሩ።

«አራት?»

የደማውን ጥፍሬን ከኋላዬ ደበቅኩ።

«አሥራ አንድ መስሎኝ ነበር» አሉ። «በየቀኑ አንድ ነው የፈታሽው?»

«ያ» አልኩ። አዎ ማለት ከበደኝ፤ በአማርኛ ለየኔታ ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

ጣሪያውን ለብዙ ጊዜ ተመለከቱ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ አውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየተራመደ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ እጃቸውን ጣሉት። «እንግዲህ ትኩሳቱ ቀን በልቶብኛል። ገመዱ ነው የሚታመን» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለእናትሽ አትንገሪ፤ በዚህ አቅሜ እንደምወጣ ካወቀች በሩን ትቆልፍብኛለች» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠራጊው መኪና መጣ። እሑድ ጠዋት እናቴ ሥራ ከሄደች በኋላ ስወርድ የኔታ ለብሰው ጨርሰው ነበር። ነጭ ጥምጣም ጠምጥመዋል፣ ነጠላቸውን አጣፍተዋል፣ መቋሚያቸውን ይዘዋል፤ የመጨረሻዋ ቋጠሮ የቀረችውን ገመድ እንድይዝላቸው ሰጡኝ። ደረጃውን ለመውረድ ሃያ ደቂቃ ፈጀብን። ውጭ አየሩ ያ እርጥብ አቧራ ይሸታል፤ በጥላው በኩል በረዶው ገና አልለቀቀም። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴት ተነሥታ ቦታ ብትሰጣቸው በእጃቸው እንቢ አሉ። ቆመው ሄዱ። 

ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ ነበር፤ ሰዉ በሙሉ ተቀምጧል። የኔታ ከኋላ ቆመው ዓይናቸውን አንከራተቱ። አንድ ሽማግሌ ወንበር አመጣላቸው፤ አመስግነው አልተቀመጡም።

«ካህናቱ የት አሉ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«የሉም።»

«ሰዉስ? ሰዋችን የት ሄደ?»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው። «በሚመጣው እሑድ ነው የሚመጡት። የኔታ፣ ሰባቱን እኔ ነኝ የፈታሁት። ንጉሡ የሚመጣው ዛሬ ነው፤ ካሌንደሩ ላይ አለ። የእኛ ተራ ሲደርስ ይሄዳል። እርስዎን ሳያድንዎ ይሄዳል።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። መቋሚያቸውን ብብታቸው ሥር አስገብተው ተደገፉ። ኦርጋኑ ጀመረና የኋላው በር ተከፈተ። ዞሬ አየሁ። የገቡት ልጆች ነበሩ፤ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ይዘዋል፣ ከፊት ያሉት ሁለቱ ከካርቶን የተሠራ አህያ ተሸክመዋል። አህያው ላይ ማንም አልነበረም። በአጠገባችን ሲያልፍ የኔታ ጥምጣማቸው እስኪዘነብል ድረስ ጎንበስ አሉ።

እስከ መጨረሻው ቆምን። በሩን ስጠብቅ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ተከፈተ፤ ልጇን በጋሪ የምትገፋ ያረፈደች ሴት ናት። ንጉሡ አልመጣም። አለቀስኩ።

ስንወጣ የኔታ፣ «እሱ ተራ አይዝም፣ ልጄ። አንዱን አስቀድሞ ሌላውን አያስቀርም» አሉ። ትንሽ ተራምደው ቆሙና ትንፋሽ ወሰዱ። «ይህን ሳላስተምርሽ ነው የታመምኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ቤታችን ልንደርስ ስንል፣ ቶየን አደባባይ ላይ፣ መቋሚያቸው ሳይጠረግ የቀረ ጠጠር ላይ ተንሸራተተ። አልወደቁም፤ ቀስ ብለው ተቀመጡ፣ ከዚያ መነሣት አልቻሉም። የማላውቀው ሰው አምቡላንስ ጠራ። ለእናቴ ደወልኩላት፤ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች። የኔታ ቃሬዛ ላይ ነበሩ። እናቴ ነጠላቸውን፣ ጥምጣማቸውን፣ የራሰ ጫማቸውን አየች።

«ምን ሊሆኑ ወጡ? ወዴት ነው?»

«ሆሳዕናን ልቀበል» አሉ የኔታ።

«ሆሳዕና የዛሬ ሳምንት አይደለም እንዴ! ማነው ዛሬ ነው ያለዎት?»

የኔታ አዩኝ። እጄ ኪሴ ውስጥ ገመዱን ጨብጦ ነበር።

«ማንም አላለኝ። ቁጥሩ ጠፋብኝ» አሉ።

ያ ቃል ለእሳቸው ምን እንደሆነ በዘጠኝ ዓመቴም አውቅ ነበር። ካሌንደር የሚያርሙ ሰው ናቸው። ሌላ ቢያጡ ቤት፣ አገር፣ የተወለዱበትን ቀን አጥተዋል፤ ቁጥር ግን ጠፍቷቸው አያውቅም። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ አልተናገርኩም።

በሳምንቱ እውነተኛው ሆሳዕና ሆነ። ዘንባባ ከአበባ ሻጭ በካርቶን መጥቶ ሴቶቹ ይሰነጥቁታል፣ ቀለበትና መስቀል ይሠሩበታል። ሰው ነጭ በነጭ ሆኖ ሞልቷል። መተላለፊያው ላይ አንድ ሰውዬ፣ «መሪጌታ እኮ ሆሳዕናን ሳቱት አሉ! ፈረንጆቹ ጋ ገብተው ቆመው ተገኙ» ብሎ ሳቀ። ክፋት አልነበረውም። «ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረግ» አለው ሌላው። «እሳቸው እንኳ?» አለች አንዲት ሴት፤ እናቴም «ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ» አለች በሐዘን።

ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ቄሱ ሌላ ጸሎት ጀመሩ፤ ዜማው ከበደ፣ ዘንባባ የያዘው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ምን እንደሆነ እናቴን ጠየቅኳት።

«ፍትሐት ነው፣ ለሞተ ሰው የሚጸለየው። በሕማማት ሳምንት ስለማይደረግ በሳምንቱ ውስጥ ለሚሞት ሰው ዛሬ አስቀድሞ ይጸለያል።»

«እዚህ ለሌለ ሰውስ?»

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። የኔታ ሆሳዕናን ብቻ ሳይሆን የራሳቸውንም ፍትሐት ቆመው ሊቀበሉ እንደፈለጉ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ሆስፒታል ሄድን። እናቴ ከሐኪሙ ጋር ልታወራ ስትወጣ ብቻችንን ቀረን። የዘንባባ ቀለበቱን ጣታቸው ላይ አደረግኩላቸው፤ ጣታቸው ቀጥኖ ስለነበር ዞረ።

«ቆማችሁ ነው የተቀበላችሁት?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«እኔንም አንሺኝ።»

አልጋው በኤሌክትሪክ የሚነሣ ነበር። ቁልፉን ተጫንኩ፤ ራስጌው እየጮኸ ወደ ላይ ወጣ። «ጨምሪ» አሉ። ጨመርኩ። «ጨምሪ።» አልጋው የመጨረሻው ላይ ደርሶ ቆመ። ቁጭ ያሉ ያህል ሆነዋል፤ መቆም ግን አይደለም። እግራቸው ከብርድ ልብሱ ሥር መሬት እየፈለገ ተንቀሳቀሰ።

«አለቀ፣ የኔታ። ከዚህ በላይ አይሄድም።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ሦስት ጊዜ ሆሳዕና አሉ። ሦስተኛው አልተሰማም።

«የገመዱን ነገር ለእማዬ ልንገራት?» አልኳቸው።

«እኔ ተናግሬያለሁ፤ ሁለት ጊዜ አይነገርም» አሉ።

ነርሷ «ናይ፣ ናይ» እያለች ገባችና ቁልፉን ከእጄ ወስዳ አልጋውን አወረደችው። እየወረዱ ሳለ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። ረቡዕ ዕለት፣ ትምህርት ቤት በተከፈተ በሁለተኛው ቀን፣ ሞቱ።

ኖርዌይ ሬሳ ቶሎ አይቀበርም። ፋሲካ አልፎ በሁለተኛው ሳምንት ፍትሐታቸው በሥርዓት ደረሰ፤ ከዚያ የሕይወት ታሪካቸውን አንድ ሰው አነበበ። ሊቅ እንደነበሩ፣ ዘመን ቆጣሪ እንደነበሩ ተነገረ። «በመጨረሻ ሰዓታቸው ግን አእምሯቸው ደክሞ፣ ያን ሁሉ በዓል ያወጡ አባት ሆሳዕናን እንኳ እስከመሳት ደርሰው ነበር» ተባለ። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። እናቴ አጠገቤ ስታለቅስ እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ፣ የፈታኋቸው ሰባት ቋጠሮዎች ክሩ ላይ ትተውት የሄዱትን ጠመዝማዛ በጣቴ እቆጥር ነበር። መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

እስከ ዛሬ ሆሳዕና በመጣ ቁጥር አንድ ሰው ዘንባባ እየሰነጠቀ ይህችን ታሪክ ያነሣታል፤ ሌላው ይስቃል፣ ነፍስ ይማር ይባላል። እኔም አብሬ ዘንባባ እሰነጥቃለሁ። የኔታ ዝም ያሉት ለእኔ ብለው ነው፤ እኔ ዝም ያልኩት ለራሴ ነው።

የኔታ ቁጥር አልጠፋባቸውም። በዚያ ትኩሳት ውስጥ፣ በማያውቁት ቋንቋ መሐል፣ ካሌንደር ሳያዩ፣ አንዲት ቀን አልጣሉም። አሥራ አንድ ነው ያሉት። አሥራ አንድ ነበር።